የእትዬ አስካለ ዝንቦች

ባለፈው የካቲት መጨረሻ ሶዶ መናኸሪያው አካባቢ ካለች ጠባብ የሴቶች ፀጉር ቤት ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ ሳይታሰብ ቆርቆሮውን ደበደበው። ባጃጆቹ ጡሩምባቸውን እያንባረቁ መጠለያ ፍለጋ ተሯሯጡ፤ በተከፈተው በር የእርጥብ አቧራ ሽታ ገባ። በዚያው ቅጽበት አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት የጥፍር ቀለም ብልቃጥ ከፈተች። ያ ራስ የሚወጋ፣ ነዳጅና ከረሜላ የተቀላቀሉበት የሚመስል ሽታ ከአቧራው ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬን ሲሞላው ልቤ ድንግጥ አለ። ፀጉር ሠሪዋ አየችኝና «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም። እትዬ አስካለ ትዝ ብለውኝ ነው።

እትዬ አስካለ ጥፍር ቀለም ተቀብተው አያውቁም። ነገሩም የጀመረው ከዚሁ ነው። ቤታቸው ገና ከበሩ ጥፍር ቀለም ጥፍር ቀለም ይሸታል፤ ጥፍራቸው ግን አጭር፣ ባዶ፣ እንደ ማንኛዋም የሰፈራችን ሴት ጥፍር ነው። ታዲያ ቀለሙ የት ይሄዳል? አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ለሌላ ልጅ ምንም ያልሆነው ነገር ለእኔ እንቅልፍ የሚነሳ ነበር፤ ምክንያቱም ስፈጠርም ተጠራጣሪ ነኝ። ወተት የምታመጣልንን ሴትዮ ጣሳዋን አስከፍቼ አያለሁ። የሰንበት ትምህርት አስተማሪያችን ስለ ኖኅ መርከብ ሲነግሩን «እንጨት የሚበላ ምስጥ እንጨት መርከብ ውስጥ ለምን ገባ?» ብዬ በመጠየቄ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ እንድቀመጥ ተደርጌያለሁ። ዛሬ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ሆኛለሁ። ደህና ነኝ ያለኝን ሰው ደሙን ሳላይ አላምነውም፤ ደመወዝ የሚከፈለኝም ለዚሁ ነው።

ያደግኩት ቦዲቲ ዳር፣ ከአዲስ አበባው መንገድ ወረድ ብሎ፣ እንሰትና ባሕር ዛፍ በከበበው ሰፈር ነው። ከቤታችን ጓሮ ቁልቁል ሲወርዱ ለከብት ተብሎ የተቆፈረ ሰፊ ኩሬ ነበር። አንድ ዓመት የግብርና ሰዎች በላስቲክ ከረጢት ሙሉ ቆሮሶ የሚባል አሳ ጫጩት አምጥተው ከጨመሩበት በኋላ ኩሬው አሳ አለው ይባል ጀመር። ይባላል እንጂ አሳውን ማንም አልነካውም። የሰፈራችን ሰው አሳ እምብዛም አይበላም ነበር፤ አጥንቱ ያንቃል ይላሉ፤ አንዳንዱም ሽታውን ይጠላል። ኩሬው የላሞች፣ የእንቁራሪቶችና የልብስ አጣቢዎች ሆኖ ኖረ።

እትዬ አስካለ ከግቢያችን ኋላ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ተከራይተው ሲገቡ ሃምሳውን ያለፉ ይመስለኛል። አባታቸው ከሰሜን መጥተው ቦዲቲ የቀሩ የመንግሥት ጸሐፊ ነበሩ አሉ፤ እሳቸው ግን በልጅነታቸው ባሌ ክፍለ ሀገር ተድረው ሄደው ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልተመለሱም። እዚያ ተራራው ላይ የውጭ አገር ሰዎች ከቀዝቃዛ ወንዝ አሳ ሊያጠምዱ የሚመጡበት ሰፈር ነበር፤ እትዬ አስካለ የዚያ ሰፈር ወጥ ቤት ነበሩ። ባላቸው ሞተ፣ ልጅ አልነበራቸውም፣ ወደ አባታቸው ከተማ ተመለሱ። ይዘው የመጡት አንድ አልጋ፣ በእጅ የሚዞር የልብስ ስፌት መኪና፣ አንድ ሳጥን፣ እና አንድ ክንድ ከስንዝር የሚሆን፣ ሁለቱም ጫፉ የተከደነ ቀጭን የብረት ቱቦ ነው። ያ ቱቦ ሰፈሩን ለአንድ ወር አነጋገረ። ጠመንጃ ነው ያሉ ነበሩ። የመሬት ካርታ ነው፣ ኩሬውን ለባለሀብት ሊያሸጡት ነው ያሉም ነበሩ። እኔ ሁለቱንም አላመንኩም፤ ከዚህ የባሰ ነገር እንዳለ ጠርጥሬያለሁ።

የባሰው በገና ዋዜማ ታየ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የወረቀት ከረጢት ይዘው፣ ዶሮ በሚታረድበት ቤት ሁሉ በር ላይ ቆሙ። ሥጋ አልፈለጉም። «ሥጋውን በሰላም ብሉት፤ የአንገቱን ላባ ብቻ ስጡኝ» አሉ። ያም ባልከፋ፤ ይመርጣሉ። የጎረቤታችንን ቀይ ዶሮ አገላብጠው አይተው «ቀይ ሞልቶኛል፤ ገብስማ አይገኝም?» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ዶሮን በቀለሙ የሚመርጥ ማን እንደሆነ በእኛ አገር ሕፃን ልጅ ያውቃል። ገብስማ አምጡ፣ ወሰራ አምጡ የሚለው ጠንቋይ ነው። ጴንጤው ጎረቤት «በኢየሱስ ስም» አለ፤ ኦርቶዶክሱ አማተበ፤ በሌላ በምንም የማይስማሙት ሰዎች በዚህ አንድ ሆኑ። እማዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ የዶሮ ላባ እያቃጠለች ትቀብር ጀመር፤ በዓል በመጣ ቁጥር ግቢያችን የላባ ቃጠሎ ይሸት ነበር።

ነገር ሲሸተኝ ዝም ብዬ አልቀመጥም። አንድ ቅዳሜ፣ የተቀደደ ዩኒፎርሜን የማሰፋ መስዬ ወደ ክፍላቸው ገባሁ። ጠረጴዛቸው ጫፍ ላይ ጡጫ የምታህል ሞርሳ ታስራ ነበር። በሞርሳዋ ጥርስ ውስጥ ከስንዴ ፍሬ የማይበልጥ መንጠቆ ተነክሷል። ካሴት ማጫወቻቸው ዝግ ባለ ድምፅ መዝሙር ያሰማል፤ እሳቸው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው በሐር ክር የገብስማ ላባ መንጠቆው ላይ ይጠመጥማሉ። ዞር፣ ዞር፣ ዞር ያደርጉትና ቋጥረው ይበጥሱታል። ከዚያ የጥፍር ቀለሙን ብልቃጥ ከፍተው ቋጠሮው እንዳይፈታ በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ አሳረፉበት። የቀለሙን ነገር ያኔ ደረስኩበት።

«ምንድነው እትዬ?» አልኳቸው።

«ዝንብ ነው፤ ዝንብ እየሠራሁ።»

መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ክንፍ አለው፤ ወገብ አለው፤ ነፋስ ሲነካው ይንቀጠቀጣል። ዝናብ በጣለ ማግስት ከመሬት የሚወጣውን ክንፋም ምስጥ ቁርጥ እሱን ይመስል ነበር። በልግ ሲገባ ምስጡ ኩሬው ላይ ይረግፋል፤ አሳውም ምግብ አገኘሁ ብሎ ያብዳል፤ ያን ጊዜ ይህችን ውሃው ላይ ጣል ማድረግ ነው አሉኝ። ባሌ የሚመጡት ፈረንጆች ጣታቸው ወፍራም ስለሆነ ትንንሾቹን ዝንቦች የሚቋጥሩላቸው እሳቸው እንደነበሩ፣ ከድስት ሥር እየተነሱ ስንቱን እንደሠሩ፣ በኋላ አንዱ ሽማግሌ አገሩ ሲገባ የአሳ ማጥመጃ ዘንጉን ከነቱቦው እንደተወላቸው አጫወቱኝ። ወጥ ቤት ሠራተኛ ዘንግ ይዛ ወንዝ ዳር ስትቆም ፈረንጁ ዝም ብሎ ያያል? አልተዋጠልኝም። ዩኒፎርሜን ሰፍተውልኝ ስወጣ ቀጥታ ወደ እማዬ ሄድኩና ያየሁትን አንድ በአንድ ነገርኳት። ሌላውን ሁሉ በትዕግሥት ሰማችኝ። ዝንብ ይሠራሉ ስላት ግን እጇን ከሊጡ አወጣች።

«ዝንብ የሚሠራው ፈጣሪ ነው» አለች። «ሁለተኛ እዚያ ቤት እንዳትገቢ።»

መጋቢት ሲገባ ዝናቡ ጣለ። በማግስቱ ማለዳ የብረቱ ቱቦ ክዳን ሲከፈት ሰማሁ፤ ቤታቸው እንዳልገባ ተከለከልኩ እንጂ ኩሬ እንዳልሄድ ማንም አልከለከለኝም። ባሕር ዛፎቹ መካከል ተደብቄ ዓይኔን ጣልኩባቸው። ከቱቦው የወጣው ብትን ብትን ያለ ዘንግ ነበር፤ ሲገጣጥሙት ከሰው ቁመት በላይ ሆነ። ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ሸብ አድርገው፣ በፕላስቲክ ቦቲ ጭቃው ውስጥ ቆመው፣ ቢጫውን ክር ወደ ኋላ ወረወሩት። ክሩ አየር ላይ ተዘረጋ፤ ሳይወድቅ ወደ ፊት መለሱት፤ ደግሞ ወደ ኋላ። ውሃውን አይነኩም። ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀሳል። የውርወራውን ምት ይቆጥሩ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የሚነበነብ እንጂ የሚቆጠር አልመሰለኝም። ክሩን ለቀቁት፤ ዝንቧ ከረገፈው ምስጥ መካከል ሳትሰማ ዐረፈች። ወዲያው ውሃው ተቦጫረቀ፤ ዘንጉ ጎበጠ።

አሳውን ውሃ ወደሞላው ባልዲያቸው አስገቡ። እጃቸውን በውሃ አርሰው ያዙት፤ አፉን ከፍተው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ከአሳው አፍ ውስጥ ነጠብጣብ የሚያካክሉ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ባልዲው ውስጥ ፈሰሱ። አስር፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ዓይን አላቸው። ድምፅ አሰማሁ መሰለኝ፣ እትዬ አስካለ ቀና አሉ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ልሮጥ ስል በእጃቸው ጠሩኝ።

«ነይ እዪ። ቀስ ብለሽ።»

ባልዲው አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። «እናትየዋ ናት» አሉኝ። «ልጆቿን በአፏ ነው የምታሳድጋቸው። ስትደነግጥ ተፋቻቸው። ዝም ብለሽ ቆይ።» ዝም ብለን ቆየን። ላሞቹ ገና አልወረዱም፤ ከዛፎቹ የዝናብ ጠብታ ብቻ ይወርዳል። አሳዋ ትንሽ ተረጋጋችና አፏን ከፈተች። የረገፉት ነጠብጣቦች አንድ ላይ ተሰበሰቡና ወደ አፏ ገቡ። አንድም አልቀረ። እትዬ አስካለ ባልዲውን በቀስታ ኩሬው ላይ አዘነበሉት፤ ሄደች። እንዲህ ያለ ደስታ በዕድሜዬ ተሰምቶኝ አያውቅም ነበር። ለአንድ አፍታ ማንንም፣ ምንንም አልጠረጠርኩም።

ከዚያ እትዬ አስካለ ነገሩን አበላሹት። «ለማንም እንዳትነግሪ እሺ፤ እዚህ እየተባዙ መሆኑን ሰው ካወቀ በመረብ ይጠርጋቸዋል» አሉኝ። እሺ አልኩ። ወደ ቤት ስመለስ ግን «እንዳትነግሪ» የምትለው ቃል አላስቀምጥ አለችኝ። አትንገሪ የሚል ሰው የሚደብቀው ነገር አለው። ማታ እማዬ ጫማዬ ላይ ያለውን ጭቃ አይታ አፋጠጠችኝ፤ አሳ አፍ ከፍተው ከውስጡ ልጆች እንዳስወጡ ነገርኳት። ተመልሰው መግባታቸውን አልነገርኳትም። ግማሹን በመናገሬ ለእናቴ ታዘዝኩ፣ ግማሹን በመደበቄ ለእትዬ አስካለ ቃሌን ጠበቅኩ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

በሦስተኛው ቀን የአራት ዓመቱ ወንድሜ ናቲ ትኩሳት ያዘው። ትኩሳቱ ጨምሮ አንቀጠቀጠው፤ ዓይኑ ተገለበጠ። ክሊኒክ ተወስዶ የወባ መድኃኒት ተሰጠው። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሁምቦ፣ ቆላው ውስጥ፣ አክስታችን ዘንድ ሰንብቶ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም ግን አላነሳውም። እማዬ የልጇን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ እያበሰች ታለቅሳለች፤ ሊጠይቁ የመጡት ሴቶች ከንፈራቸውን ይመጣሉ። «ከአሳ አፍ ልጅ ያወጣች፣ ከሰው ልጅ ነፍስ ማውጣት ያቅታታል?» አለች አንዷ። የእኔ ወሬ ነበር፤ ከእኔ አፍ ወጥቶ፣ ሰፈር ዞሮ፣ ጎልምሶ ተመለሰ።

የእድሩ ዳኛ አባቴ ነበር። እሑድ ከአምልኮ በኋላ አባላቱ እድሩ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተሰበሰቡ። የቀረበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ወይዘሮ አስካለ ከእድሩ ይሰረዙ። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ባል የሌላት፣ ልጅ የሌላት፣ ዘመድ የሌላት ሴት ከእድር ወጣች ማለት በሞተች ቀን ድንኳን የሚተክልላት፣ ጉድጓድ የሚቆፍርላት፣ በሬሳዋ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው የላትም ማለት ነው። እትዬ አስካለ ይህን አሳምረው ያውቁታል፤ ያን ቀን ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ለመኑ።

«ኩሬ ድረስ እንሂድ። በዓይናችሁ እዩና ፍረዱ።»

አባቴ ፍርድ የሚወድ ሰው ነው፤ ፈቀደ። ሰዉ ሁሉ እየተንጋጋ ወረደ። እትዬ አስካለ ዝንቧን በየሰዉ መዳፍ አዞሩ፤ ላባው ይኸው፣ ክሩ ይኸው፣ መንጠቆው ይኸው አሉ። ክሩን ዘረጉ፤ ያን ቀን ከንፈራቸውን አላንቀሳቀሱም። በሁለተኛው ውርወራ አሳው ዘሎ ዝንቧን ዋጠ። ሰው ሁሉ «ውይ!» አለ። እትዬ አስካለ ነፃ የወጡ መስሏቸው ሳቁ፤ እንደ ሕፃን ነበር የሳቁት።

«አያችሁ? የእውነት ዝንብ መስሎት ነው እኮ! ተታለለ!»

ከእድሩ ሽማግሌዎች አንዱ አቶ ሳና ነበሩ፤ በሥርዓት የሚናገሩ፣ አማርኛቸው ወላይትኛ ወላይትኛ የሚል ሰው። ዱላቸውን ጭቃው ውስጥ ተክለው ተነሱ።

«እኔ ይሄ ሴትዮ ላይ ክፉ ልብ የለኝም» አሉ። «ግን እዩት። አሳ ላባ አይበላም። ይሄ ሴትዮ ላባ ሰጠው፣ በላ። ውሃ ውስጥ ያለውን፣ ፊቱን ያላየውን እንዲህ ካታለለ፣ እኛን አጠገቡ ያለነውን ምን ያደርጋል?»

ጉርምርምታው ከፍ አለ። ለንጽሕናቸው ያቀረቡት ማስረጃ ዞሮ ተከሰሱበት። ይህን ሳስታውስ እስካሁን ያናድደኛል፤ የሚያናድደኝም የአቶ ሳና አነጋገር ያን ጊዜ እውነት መስሎ ስለተሰማኝ ነው። አባቴ እጁን አንስቶ ሰዉን ዝም አሰኘና በዓይኑ ፈለገኝ።

«አስቱ፣ ነይ ልጄ። ያየሽውን ራስሽ ተናገሪ።»

ወደ መሐል ወጣሁ። እማዬ ናቲን አዝላ ቆማለች፤ ጭንቅላቱ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። እትዬ አስካለ ዘንጋቸውን ይዘው ያዩኛል። ፊታቸው ላይ የነበረው ፍርሃት እኔን ሲያዩ እንደለቀቃቸው ዛሬም ድረስ ይታየኛል። አብረን አይተናላ። የምነግርላቸው መስሏቸዋል።

«የአሳዋን አፍ ከፈቱ» አልኩ። «ልጆች ወጡ።»

«ከዚያስ?» አለ አባቴ።

ቀሪው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ተመልሰው ገቡ፤ እናታቸው ናት፤ ሁለት ቃል ነው። ናቲ እማዬ ጀርባ ላይ ሲያቃስት ሰማሁ። ምናልባት እውነት ቢሆንስ አልኩ በልቤ፤ ምናልባት ያሳዩኝም ሊያታልሉኝ ቢሆንስ?

«ከዚያ አላየሁም።»

ያን ዕለት ተሰረዙ። ሰው ሁሉ እጁን ሲያወጣ አባቴ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር። እትዬ አስካለ አልተሟገቱም፤ አላለቀሱም፤ ዘንጋቸውን ነጣጥለው ቱቦው ውስጥ ከተው «እሺ፤ የሚቀብረኝ ሰው ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ» ብቻ አሉ። እኔን አላዩኝም። በሦስተኛው ቀን ዕቃቸውን ሁምቦ በሚወርድ ጭነት መኪና ላይ ጭነው ሄዱ። ናቲ በዚያው ሳምንት ዳነ፤ ሴትዮዋ ስለሄዱ ነው ተባለ፤ መድኃኒቱን ያመሰገነ የለም። ኩሬው ውስጥ አሳ እንዳለ በዓይኑ ያየው ሰፈር ደግሞ ለወባ የታደለውን አጎበር ይዞ ወረደ። አሳ አንበላም ሲሉ የኖሩት ሁሉ ጠብሰው በሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ፣ በዳጣ፣ በሉት። እናትየዋንም ገና ያላደጉትንም ጠረጉ። ከዓመት በኋላ ኩሬው ውስጥ የቀረው እንቁራሪት ነበር።

እኔ አደግኩ፤ ተማርኩ። በሙያዬ መጀመሪያ የተመደብኩት ሁምቦ ጤና ጣቢያ ነበር። አንድ የሚያነድ ከሰዓት በኋላ በላቦራቶሪው መስኮት ወረቀት ተቀበልኩ፤ «አስካለ» ይላል። ቀና ስል ሁለት ዓይኖች፣ የሸበተ ፀጉር፣ ያው ነጠላ። ጣታቸውን ያዝኩ፤ ድሮ መንጠቆ የወጋቸው ቦታዎች ትንንሽ ነጭ ነጥቦች ሆነዋል። ደም ቀዳሁና መረመርኩ። ወባ ነበረባቸው። ውጤቱን በሌላ ሰው አላክኩም፤ ራሴ ወጥቼ አጠገባቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

«አይቼ ነበር እትዬ» አልኳቸው። «ተመልሰው ሲገቡም አይቼ ነበር።»

«አውቃለሁ። አጠገብሽ ነበርኩ እኮ» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«አባትሽ ፊት ልጅህ ዋሸች ልበል? እኔ መሄዴ ነው፤ እዚያ ሰፈር የምትኖሪው አንቺ ነሽ።»

በሥራ ልብሴ ሰው ፊት አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው መሄድ ጀመርኩ። ስኳር እወስዳለሁ፣ መድኃኒት እወስዳለሁ፤ የተቀደደ ልብስ ሁሉ ይዤ ስለምሄድ በነገር ይወጉኝ ነበር። ዓይናቸው ደክሞ ዝንብ መሥራት ትተዋል። እድር እንዳልገቡ የሰማሁት በአጋጣሚ ነው። «አንዴ የተሰረዘ ሰው ሁለተኛ መሰረዝ ያስፈራዋል» አሉኝና ወሬውን ለወጡ። ሲሞቱ ማን እንደሚመጣ የማያውቁ ሴት ሆነው አሥራ አምስት ዓመት ኖረዋል፤ እንዲህ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ።

ወደ ሶዶ ተዛውሬ እድር ስገባ ቅጽ ሰጡኝ። የአባት ስም፣ የእናት ስም ይላል፤ ሲሞቱ እድሩ የሚደርስላቸው ቤተሰቦች መሆናቸው ነው። የወለደችኝ እናቴ ቦዲቲ በሰላም አለች፤ አባቴ ለዘመናት የመራው እድር አላት፤ ሺህ ሰው ይቀብራታል። በእናት ስም ቦታ ላይ «አስካለ» ብዬ ጻፍኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእሳቸውም።

ያረፉት አምና በበልግ፣ እንቅልፍ ላይ እንዳሉ ነው። ሁምቦ ደርሼ ሶዶ ላለው እድሬ ደወልኩ። እድሩ ድንኳኑንና አግዳሚውን አይሱዙ ላይ ጭኖ፣ ሰዎቹን ይዞ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሁምቦ ደረሰ። ወንዶቹ ካስማ ሲመቱ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የእድራችን ዳኛ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ቀስ ብለው ወደ እኔ መጡ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት እማዬን ሆስፒታል ይዣት ስሄድ መንገድ ላይ አግኝተውን፣ ቆመው ጤንነቷን ጠይቀዋት ነበር።

«አስቴር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «እናትሽ ቦዲቲ አይደሉም እንዴ? ያን ጊዜ ያስተዋወቅሽኝ?»

አስተያየታቸውን አወቅሁት። መስታወት ፊት ስቆም የማየው የእኔው አስተያየት ነው። አንድ ቃል ቢናገሩ ድንኳኑ ይጠቀለላል፤ መኪናው ይመለሳል። የሞቱት ሴት ውስጥ ብቻቸውን ተኝተዋል። የሚያለቅስ ዘመድ የለም፤ ከሁለት ጎረቤቶች በቀር የመጣ ሰው አልነበረም።

«እናቴ ናት» አልኩ።

ሽማግሌው አዩኝ። አልቃሽ ወደሌለበት ክፍል አዩ። ተመልሰው እኔን አዩኝ። ከዚያ የድንኳኑን ገመድ ከወጣቱ እጅ ተቀብለው ራሳቸው ካስማው ላይ እያሰሩ፣ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ታዲያ የሟች ልጅ ውጭ ምን ታደርጋለች? ግቢና ፊት ተቀመጪ እንጂ።»

ገባሁና ፊት ተቀመጥኩ።